የሐምዱ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዓለማት

እና ደግሞ አንድ ሰው የሰበሰበውን መረጃ ሌላ ሰው ቢሸከምለትም እንኳ የሰብሳቢው ስም አብሮ ቢሄድ መልካም ነው እንላለን፣ ማን ነን እኛ፣ እንላለን ያልኩት ከልማድ ነው፣ ለኮምፒውተር ጨዋታው ባለቤቶች የማሻሻያ ሃሳብ ስንጽፍ ሁልጊዜ እንላለን ነበር የምንለው፣ ሐምዱ ይናገራል እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እሱ እንግሊዝኛውን ያቃናል፣ አጥፋው፣ እላለሁ በል፣ ብቻህን ነህ ይገረም፣ ብቻህን ነህ አቦ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ። ዘጠኝ ላይ ሙኒራ ትመጣለች፣ የሐምዱ ሚስት፣ ልጃቸውን ፉርቃንን ይዛ፣ ዒዳዋን ከትናንት ወዲያ ነው የጨረሰችው፣ አራት ወር ከአሥር ቀን የባሏን ሐዘን ይዛ ቤት ተቀምጣ፣ የመጀመሪያ መውጫዋ ወዴት ሆነ፣ ዘመድ ቤት አይደለም፣ እኔ ሱቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያ መሀል፣ ባሏ ያገኛቸውን ዓለማት ስሙ ተጽፎባቸው ልታይ። ማን ነው ነይ ያላት። እኔ። ለቅሶው ላይ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ፣ አይዞሽ ሙኒራ፣ ዒዳሽ ሲያልቅ ነይ፣ የሐምዱ ስም የተጻፈበትን ሰማይ አሳይሻለሁ፣ ለልጅሽም አሳያታለሁ፣ ምላሴን በቆረጠው፣ መሐላም ጨመርኩበት፣ ራጉኤልን ብያለሁ።

የተጻፈው ስም ግን የሐምዱ አይደለም። የኔ ነው። ሺህ አንድ መቶ አርባ ዓለም፣ በእያንዳንዱ ላይ ይገረም፣ ይገረም፣ ይገረም።

እንዴት ብዬ ነው የማስረዳት። ስሚኝ ሙኒራ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፣ መንኮራኩር ትነጃለሽ፣ ጠፈር ውስጥ፣ ሰው አይቶት የማያውቅ ኮከብ ጋ ትደርሻለሽ፣ ዙሪያውን ያሉትን ዓለማት አንድ በአንድ ትመዘግቢያለሽ፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ አየር አለው የለውም፣ ስንት ጨረቃ ይዞታል፣ መዝገቡ እዚያው መንኮራኩርሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ተመልሰሽ ጣቢያ ላይ ስታስረክቢ ያን ጊዜ በዓለሙ ላይ ቀድሞ ያገኘው እገሌ ተብሎ ይጻፋል፣ ጃፓን ያለ ተጫዋች፣ ብራዚል ያለ ተጫዋች፣ መቼም እዚያ ቢደርስ ያንን ስም ነው የሚያየው። ሳታስረክቢ መንኮራኩርሽ ከተሰባበረ ግን ወፍ የለም፣ ሁሉም ይጠፋል። ጨዋታ አይደል እንዴ ትለኛለች። ጨዋታ ነው፣ አዎ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሁለት የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች፣ ከምሳ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሌላው ሲያንቀላፋ፣ ሌላው ጫቱን ሲቅም፣ እኛ ላፕቶፓችንን ከፍተን ጠፈር ላይ ነን፣ ሚስቴ ልጅ ሆናችሁ ቀራችሁ ትለናለች፣ ይሁና፣ እዚያ ነበር ሐምዱ ሐምዱ የሚሆነው፣ እዚያ ሻንጣ አይሸጥ፣ የማንም ወንድም የማንም ባል አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው፣ ይገረም ና ይሄን እይ፣ ሁለት ፀሐይ አላት፣ ወላሂ ሁለት ፀሐይ፣ ጠዋት አንዷ ትወጣለች ማታ ሌላዋ፣ እዚያ ብንኖር ሱቅ መቼ ነው የምንዘጋው ይለኛል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አላስረከበም ትለኛለች፣ ትጠይቃለች፣ ሙኒራ ዝም ብላ የምትሰማ ሴት አይደለችም። ለምን አላስረከበም። እኔ ነኛ አታስረክብ ያልኩት። ሁለት መቶ የሞላለት ጊዜ ልመለስ ነው አለኝ፣ በዚህ ግድግዳ በኩል፣ በሱ ሱቅና በኔ ሱቅ መሀል ያለው ኮምፔርሳቶ ብቻ ነው፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ስማ ጎጃሜው፣ እኔ የተወለድኩት ራጉኤል ጀርባ ነው፣ ጎጃምን ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፣ ለሱ ግን ጎጃሜው ነኝ፣ ስማ ጎጃሜው፣ ሁለት መቶ ሞላኝ፣ ልመለስና ላስረክብ ወይስ ልቀጥል፣ እኔ ደግሞ፣ አፈር በበላሁ፣ ምን ችርቻሮ ውስጥ ይከትሃል አንተን፣ ጅምላ ነጋዴ አይደለህ፣ ሺህ ሙላና አንዴ አራግፍ። ሳቀ። ወላሂ እውነትህን ነው አለ። ሄደ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጉዞ ሄደ፣ ከጣቢያው ራቀ፣ ከሰው ሁሉ ራቀ፣ እኔ ጣቢያው አፍንጫ ሥር እየተሽከረከርኩ ሰው የረገጠውን ስረግጥ። ስልሳ አንድ ዓለም ነው የኔ፣ ስልሳ አንድ፣ ግማሹ ድንጋይ።

ጻፍ ይገረም፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ተጫዋቹ የሰበሰበውን መረጃ ካለበት ሆኖ በከፊል መላክ ቢችል። ጥሩ። ሌላስ። ዝርዝሩ። የሐምዱ ትልቁ ሙግት ዝርዝሩ ነበር፣ እነዚህ ሰዎች መርካቶን አያውቁም ይላል፣ ሺህ መዝገብ በአንድ ረድፍ፣ ውሃ ያለው ከደረቁ፣ ቀለበት ያለው ከራቁቱ፣ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ተደባልቆ፣ አንዱን ለማግኘት እስከ ታች ድረስ መጎተት ነው፣ አንድ ቀን እዚህ አምጥቶ ማሳየት ነበር፣ እህሉ እህል በረንዳ፣ ሸማው ሸማ ተራ፣ ጎማው ጎማ ተራ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው እንኳ በጠረኑ ተራውን ያገኛል፣ ለዓለማቱም ተራ ይስጧቸው፣ የውሃ ተራ፣ የበረዶ ተራ፣ የአቧራ ተራ። ተራ የሚለውን በእንግሊዝኛ ምን እንደምንለው ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። ላክነው። ሃሳባችሁ ደርሶናል ብለው መለሱ፣ ከዚያ ወዲያ ጭጭ፣ ሐምዱ ግን ያቺን አንድ መስመር መልስ አትሞ ከሻንጣዎቹ በላይ ለጠፋት፣ የገባውን ሰው ሁሉ እዩ፣ አማካሪያቸው ነን ይላል፣ ሻንጣ ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ግራ ገብቶት እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።

ናፈቀኝ። ምን ልሁን፣ ናፈቀኝ። ዘመዱ አይደለሁም፣ ሃይማኖቴም ሌላ ነው፣ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፣ በቃ፣ አራተኛው ቀን ሱቅ ክፈት ነው፣ ወንድም የሞተበትን እግዜር ያጥናህ ይሉታል፣ የግድግዳ ጎረቤቱ የሞተበትን ማን ምን ይለዋል። አንዳንዴ እጄን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ።

የበር ማጠፊያ አለህ ልጄ ይላሉ አንድ ሽማግሌ ገብተው። አለ ጋሼ፣ ባለ ሦስት ኢንች ነው ባለ አራት። ባለ አራት፣ ጠንካራውን ስጠኝ፣ እንዳምናው አይነት እንዳይሆን፣ ስድስት ወር አልቆየም። ይሄ ይቆያል ጋሼ፣ ይዩት። ያዩታል፣ ይከፍቱታል ይዘጉታል፣ ጆሯቸው ድረስ አስጠግተው ያንቀጫቅጩታል፣ እኔ አንድ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ይሄ ጎረቤትህ፣ ሻንጣ ሻጩ፣ ያ ሳቂታው፣ ዘግቷል እንዴ ይሉኛል፣ ዚፑ ከተበላሸ አምጡት በነጻ አስቀይርልዎታለሁ ብሎኝ ነበር እኮ። ዘግቷል ጋሼ። መቼ ይከፍታል። እኔ እንጃ ጋሼ። እኔ እንጃ አልኩ፣ ሞቷል ማለት አቃተኝ፣ ሞቷል ብል ውይ ይላሉ፣ ምን ነክቶት ይላሉ፣ ቁጭ ብለው ያዝናሉ፣ ከዚያ እኔ አለቅሳለሁ፣ ዛሬ ማልቀሻ ጊዜ የለኝም። ሄዱ። ስምንት ተኩል አልፏል።

ሐምዱን የገደለው ጉበቱ ነው አሉ። ሁለት ሳምንት ነው የተኛው፣ ዓይኑ እርድ መስሎ። ሙኒራ ውሃ ልታመጣ የወጣች ጊዜ ጠቀሰኝ፣ የይለፍ ቃሉን በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ጽፎ አስቀምጦልኛል፣ ፊደሉ ሁሉ ተንጋዷል፣ ስማ ጎጃሜው፣ አይሱዙዋን አግባልኝ፣ መንኮራኩሯን አይሱዙ ነበር የሚላት፣ ጭነት አትጠግብም ብሎ፣ አግባልኝና ፉርቃን ስሜን ትይልኝ፣ ሰማያዊዋን፣ ቀለበት ያላትን፣ ያቺ ያንቺ ናት ብያታለሁ፣ አደራ። ራስህ ታስገባታለህ ኢንሻአላህ አልኩት፣ እኔ ኢንሻአላህ ባልኩ ቁጥር በሳቅ ይሞት ነበር፣ አነጋገርህ የቄስ ነው እያለ፣ ያን ቀን አልሳቀም፣ አደራ አለኝ ደግሞ፣ እጄን ይዞ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይሉ ነበር አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሲሉት እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ አንድ ቀን ቃል በቃል ይደርስብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ላፕቶፑን ሙኒራ ሰጠችኝ፣ ከፈትኩት፣ አይሱዙዋ ያለችበትን አየሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሰው ስም የሚባል የለም፣ ጨለማ ብቻ፣ አካሏ አልቋል፣ ከመቶው ሠላሳ አንድ እጅ ብቻ ቀርቷታል። እኔ ነጂ አይደለሁም፣ ራሴን አውቃለሁ፣ አንዲት የማረፍ ስሕተት ብሠራ ሦስት ዓመት በሰከንድ ዶግ አመድ ነው፣ ስለዚህ የኔን ደህነኛዋን ይዤ ልሂድለት አልኩ፣ ስድስት ሳምንት፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ግድግዳው ዝም ብሎ። ደረስኩ። ሁለቱን ላፕቶፕ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው፣ በአንዱ ሐምዱ ነኝ፣ በሌላው ይገረም ነኝ፣ በሐምዱ መስኮት የኔ መንኮራኩር መብራቷን አብርታ ስትመጣ ትታያለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ና ሲለኝ የነበረ ሰው ነው፣ ና እንጂ፣ አንድ ጊዜ እዚህ ድረስ ና፣ እሺ፣ ነገ፣ ሥራ በዛብኝ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከረመዳን በኋላ። ይኸው መጣሁለት፣ እሱ የለም። በጠራራ ፀሐይ ሱቄ ውስጥ ተንሰቀሰቅኩ፣ አንዲት ደንበኛ ገብታ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ ብናኝ ገብቶብኝ ነው አልኳት።

እና እዚያ ነው ነገሩን ያበላሸሁት። የመርካቶ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ የጎረቤትህ ቤት ችግር ላይ ከሆነ ዕቃውን ወደ ራስህ ታስገባለህ፣ መጀመሪያ ታስገባለህ ከዚያ ትነጋገራለህ። የታችኛው ፎቅ የተቃጠለ ጊዜ ሐምዱ የራሱን ሻንጣ ትቶ የኔን ካርቶኖች ነው ያወጣው፣ አጎቱ መጋዘን ከተታቸው፣ ሁለት ወር ተቀመጡ፣ የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፣ ሲመልስልኝ አንዲት ብሎን አልጎደለችም። ካርቶኑ ላይ ስሜ አልነበረም፣ እኛ ካርቶን ላይ የምንጽፈው የተቀባዩን ስም ነው፣ ደሴ ላለው፣ ጅማ ላለው፣ ስሙንና ስልኩን፣ የባለቤቱን ስም ማን ይጽፋል፣ ባለቤቱን ሰው ያውቀዋል። እንዲሁ ነው ያደረግኩት፣ ጨዋታው አንዱ ተጫዋች መዝገቡን ለሌላው እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል፣ ከአይሱዙዋ ወደ ኔ አራገፍኩት፣ ሺህ አንድ መቶ አርባውን፣ መንገዱን አሁን ለምጄዋለሁ፣ ሦስት ሳምንት ተሸክሜ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቅኩ ጣቢያ ደረስኩ፣ አስረከብኩ። እዚያ ግን የሚጻፈው የአስረካቢው ስም ነው። ሰማያዊዋም፣ ቀለበት ያላትም፣ ሁለት ፀሐይ ያላትም፣ ሁሉም የኔ ሆኑ።

አራት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ አንዱን በለቅሶ፣ አንዱን በቁጣ፣ ሰኞ መለሱ፣ ውድ አብራሪ፣ በደረሰብዎ ሐዘን እናዝናለን፣ ሆኖም አንድ ጊዜ የተረከብነው መዝገብ በአስረካቢው ስም ይቆያል፣ ሊቀየር አይችልም፣ የመረጃ አያያዝን የሚያሻሽል ሃሳብ ካለዎት ከታች ባለው ሳጥን ያስፍሩ። ሳጥኑ አምስት መቶ ፊደል ነው የሚቀበለው። ሐምዱ በአምስት መቶ ፊደል። ገገሞች።

እሺ፣ ሳጥኑን ልሙላና ለሙኒራ ሳሳያት እንዲህ እላታለሁ፣ ተይው ሙኒራ፣ የነሱ ጥፋት ነው፣ አሠራራቸው ነው፣ ስለ ሐምዱ ብዬ አሠራራቸውን ላስቀይር ይኸው እየጻፍኩ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው እንደኔ አይሳሳትም። ያምራል። ያስከብራል እንዲያውም። ወይ ደግሞ ሌላውን፣ ስልኬ ላይ ያለውን ምስል፣ ታች ፎቶ ቤት አሠርቼዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ ሰማያዊዋ ዓለም ሆና ከሥሯ ቀድሞ ያገኘው ሐምዱ የሚል፣ ልጁ ፊደሉን ከዋናው ጋር አመሳስሎልኛል፣ ማንም አይለየውም፣ ስልኩን እሰጣታለሁ፣ ፉርቃን ታያለች፣ ትደሰታለች፣ ሙኒራ ታለቅሳለች፣ ትመርቀኛለች፣ ይሄዳሉ። ማንን ይጎዳል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አሥር ዓመት ሲሆናት ራሷ ጨዋታውን ከፍታ እስክታየው ድረስ ማንንም አይጎዳም።

ጻፍ። ከዝውውር በፊት ተጫዋቹን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ቢኖር መልካም ነው።

ነበር እኮ።

ነበር፣ ቢጫ ሳጥን ነው፣ ቁልፉን ልጫን ስል ብቅ አለ። በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛውን ሐምዱ ነበር የሚያቃናው፣ አልገባኝም። ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ቸኩዬ ነበር፣ ደንበኛ ቆሞ ነበር። ማን ደንበኛ፣ ማንም አልነበረም። ሦስት መስመር ነው። ሃያ ዓመት የቻይና ካታሎግ፣ የጉምሩክ ወረቀት ሳነብ የኖርኩ ሰው ሦስት መስመር አቅቶኝ። ኔም የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ ማን አለ፣ ፉርቃን እንኳ ታውቃታለች። አይቻታለሁ። ስም የሚለው አለ፣ ተቀባይ የሚለው አለ፣ በተቀባዩ ስም ይጻፋል ማለት ነው፣ ሁለቱን አይቼ፣ ኧረ በኋላ ይስተካከላል፣ ብዬ፣ ተጫንኩት። ያ ነው። በኋላ ይስተካከላል ያልኩት ማንን ነው፣ ማን ያስተካክለዋል ብዬ፣ ለራሴ ነው ያልኩት፣ እጄ እንዲጫን ብዬ።

አሁን ደግሞ ያቺን የደበቅካትን በል። ማንም አይሰማህም፣ በላት።

ያስረከብኩ ዕለት ማስታወቂያው ወጣ፣ የሳምንቱ ታላቅ አሳሽ ብለው፣ ከላይ፣ በትልቁ፣ በወርቅ ቀለም፣ ይገረም። ደስ አለኝ። ደረቴ ሞቀኝ። ሐምዱ አፈር ከገባ ሦስት ወር አልሞላውም፣ እኔ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የራሴን ስም ሳይ ደስ አለኝ፣ ለአንዲት አፍታ ነው፣ ግን ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ፖላንድ ያለ አንድ ልጅ ጻፈልኝ፣ ወንድሜ እንዴት ያለ ጉዞ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሦስት ዓመት ብቻህን እንዴት ቻልከው። ምን ብዬ መለስኩለት። አመሰግናለሁ አልኩት። ከባድ ነበር አልኩት። ከባድ ነበር! ከዚያ ነው ሐምዱ ትዝ ያለኝ፣ ከዚያ፣ ከመለስኩ በኋላ፣ ከዚያ ነው ጭንቅላቴን የያዝኩት፣ ወይኔ ስሙ፣ ወይኔ አደራው ብዬ ደረቴን የደቃሁት፣ ልቅሶው እውነት ነው፣ ግን ሁለተኛ ነው የመጣው።

ምቀኛ ነበርኩ እንዴ። የሱ ሱቅ ሰው ይሞላል፣ የማይገዛው ሁሉ ገብቶ ይስቃል፣ ሳቃቸው በኮምፔርሳቶው ያልፋል፣ እኔ ጋ የሚገባው ማጠፊያ ስጠኝ ብሎ ማጠፊያውን ይዞ ይወጣል። ጨዋታው ላይ ሺህ አንድ መቶ አርባ፣ እኔ ስልሳ አንድ። ሺህ ሙላና አራግፍ ያልኩትስ፣ ለሱ ብዬ ነው ወይስ ስሙ በየሁለት መቶው ከላይ ሲወጣ ላለማየት። አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ይሄንን አላውቅም፣ ሲያስረክብ እየወጣ እንዳያበሽቀኝ ብዬ ከሆነ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ። እወደው ነበር። ይሄም እውነት ነው፣ ማንንም እንደሱ አልወደድኩም፣ ሚስቴን እንኳ እንደዚያ ስቄ አላየኋትም፣ የምወደውን ሰው ስም ቢጫ ሳጥን ውስጥ እያየሁ ተጫንኩት። ሁለቱም አንድ ሰው ነው ያደረጋቸው።

የጻፍኩትን እያነበብኩ ነው፣ ሰብሳቢው፣ ዝርዝሩ፣ በከፊል መላክ፣ ማስጠንቀቂያዋን ሰርዣታለሁ፣ አምስት መቶ ፊደል ሊሞላ አሥራ ሁለት ይቀረዋል፣ ሁሉም ትክክለኛ ሃሳብ ነው፣ ቢሠሩት ጨዋታው ይሻሻላል፣ ሐምዱም የሚስማማበት ነው፣ ግን መሀል ላይ በስሕተት የምትል ቃል አስገብቻለሁ፣ የጓደኛዬን መረጃ በስሕተት በስሜ ባስረከብኩ ጊዜ። አጠፋኋት። ያለሷ አነበብኩት። የጓደኛዬን መረጃ በስሜ ባስረከብኩ ጊዜ። ላክ። ሄደ፣ ሃሳብዎ ደርሶናል አለ።

ደረጃው ላይ እግር ይሰማል፣ አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም፣ የልጅ እግር ነው፣ እየሮጠ፣ ከኋላው የትልቅ ሰው እግር፣ እያረፈ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰማያዊዋ ኪሴ ውስጥ ናት፣ የሐምዱ ስም ያለባት፣ አውጣት፣ አታውጣት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።

አሰላሙ፣ ሰላም ነህ ይገረም ትላለች ሙኒራ፣ ከስታለች፣ ዓይኗ የባሏን ሱቅ የተዘጋ በር እያለፈ ነው የመጣው፣ አውቃለሁ፣ ግቢ ሙኒራ፣ ግቡ፣ እግዜር ያጥናሽ፣ ተቀመጪ፣ ውሃ ላምጣልሽ፣ ውሃም አልጠጣም ይገረም፣ እሷን አሳያት፣ ሌሊቱን አልተኛችም ትለኛለች። ፉርቃን ባንኮኒው ጋ ደርሳለች፣ አገጯ ነው የሚታየኝ፣ የሱ አገጭ ነው፣ ጋሼ ይገረም የኔዋ የቷ ናት። እጄ ኪሴን ነካ። ተወው። ላፕቶፑን አዞርኩላት። ይቺ ናት የኔ ልጅ፣ ይቺ ሰማያዊዋ። ቀለበት አላት! አላት፣ አባትሽ ነው ያገኛት፣ እሱ እስኪደርስ ድረስ ማንም ሰው አይቷት አያውቅም። እማ ነይ እዪ፣ ቀለበት አላት። ሙኒራ ተነስታ ከኋላዋ ቆመች፣ እጇ ልጅቷ ትከሻ ላይ፣ ሁለቱም ያያሉ፣ እኔ እነሱን አያለሁ።

ስሙስ የታለ፣ እዚህ ጋ ነው አይደል የሚጻፈው፣ በጣቷ ስክሪኑን ነካች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካች በሹክሹክታ ታነባለች፣ አራተኛ ክፍል ናት፣ በደንብ ታነባለች፣ ጨረሰች፣ ደገመችው፣ ጋሼ ይሄ እኮ ያንተ ስም ነው። ሙኒራ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ነው፣ እንግሊዝኛው፣ አሠራራቸው፣ የመርካቶ ልማድ፣ እሳቱ፣ ካርቶኑ፣ ሁሉም አፌ ላይ ተሰልፎ ቆሟል፣ ሁሉም እውነት ነው።

የኔ ስም ነው አልኳት። አባትሽ ነው ያገኛቸው፣ ሁሉንም፣ አደራ ብሎ ሰጠኝ፣ ስሙን እኔ ወሰድኩት። ሳላውቅ አይደለም ሙኒራ። አውቄ ነው።

 ሙኒራ እጇን ከልጅቷ ትከሻ ላይ አላነሳችም። ፉርቃን አየችኝ፣ አልተቆጣችም፣ ክፍል ውስጥ እርሳስ የወሰደባትን ልጅ እንደምታይ ነው ያየችኝ፣ ስክሪኑን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች።

እሺ፣ ታዲያ መልስለታ፣ አለችኝ።